ከመንግሥት በጀት የሚጠየቅ ድርሻ

ከንባብ በፊት

1. «መለመን» እና «መጠየቅ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት በአረፍተ ነገር እያስገባችሁ አስረዱ።
2. በትምህርት ቤታችሁ የሚያስተምሩ መምህራን ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ተወያዩ።

ምንባብ

ከናይሮቢ ከተማ እምብርት በስተሰሜን ሩንዳ የሚባል ሰፈር ይገኛል። ቀድሞ የቡና እርሻ የነበረ መሬት ሲሆን ዛሬ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቪላዎች፣ ጥላቸው መንገዱን የሚሸፍን ዛፎችና በዘበኛ የሚጠበቁ በሮች ይታዩበታል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጽሕፈት ቤቶች ካሉበት ከጊጊሪ ጋር ስለሚጎራበት ከነዋሪዎቹ መካከል ዲፕሎማቶችና ባለጸጋ ነጋዴዎች ብዙ ናቸው። በዚሁ ሰፈር ጥግ ደግሞ ጊቶጎሮ የሚባል፣ ቤቶቹ በቆርቆሮ የተሠሩ የድሆች መንደር አለ። ከጊቶጎሮ ነዋሪዎች ብዙዎቹ የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙት በሩንዳ ግቢዎች በዘበኝነት፣ በአትክልተኝነትና በቤት ሠራተኝነት ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው አጥርና መንገድ ብቻ ነው።

በአጥሩ ወዲያም ሆነ ወዲህ የእድገት እክል ያለባቸው ልጆች ይወለዳሉ። እክሉ ሀብታምና ድሃ አይለይም። በሩንዳ የተወለደው ልጅ ወላጆች ሐኪም ይጠራሉ፤ ሞግዚት ይቀጥራሉ፤ በከፍተኛ ክፍያ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ይፈልጋሉ። በጊቶጎሮ የተወለደው ልጅ እናት ግን ወይ ሥራዋን ትታ ከልጇ ጋር ትውላለች፣ ወይ ልጇን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ትሄዳለች፤ አደራ የሚቀበላት ስታጣም በሩን ቆልፋበት ለመሄድ ትገደዳለች። የሁለቱ ቤቶች ኑሮ እንዲህ የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅም፣ ሌሊት ሌሊት ወላጆቹን እንቅልፍ የሚነሣው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም «እኛ ስንሞት ይህን ልጅ ማን ይይዘዋል?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የሩንዳው ቤት ገንዘብም ሙሉ መልስ አይሰጥም። ምክንያቱም ሞግዚት የምትከፈለው ከፋዩ በሕይወት እስካለ ድረስ ነው።

የእድገት እክል ሲባል በሕፃንነት ዕድሜ ጀምሮ የአእምሮን፣ የንግግርን፣ የእንቅስቃሴን ወይም ከሰው ጋር የመግባባትን እድገት የሚገታ ሁኔታ ማለት ነው። ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም፣ ሴሬብራል ፓልሲና የአእምሮ እድገት ውሱንነት በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። መንሥኤያቸው የተለያየ ነው። ዳውን ሲንድረም ሕፃኑ ሲፀነስ 21ኛው ክሮሞሶም በአንድ በመብለጡ የሚመጣ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ አብዛኛውን ጊዜ አእምሮ ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ከተወለዱ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በሚደርስበት ጉዳት ይመጣል፤ በወሊድ ጊዜ አየር ማጣት፣ ያልታከመ የአራስ ሕፃን ቢጫነትና የማጅራት ገትር ከምክንያቶቹ ውስጥ ናቸው። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ካጣች የልጇ አእምሮ እድገት ይጎዳል። የኦቲዝም መንሥኤ ግን በብዙው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታውቋል እንጂ አንድ ብቻውን የሚጠቀስ ምክንያት የለውም። ከእነዚህ ውስጥ በእናት ኃጢአት ወይም በአባት ርግማን የሚመጣ አንድም የለም። ይሁን እንጂ በኬንያም ሆነ በኢትዮጵያ ይህ እምነት ብዙ ልጆችን በጓዳ አስቀርቷል። በአማርኛም «ጅል»፣ «ዘገምተኛ» የሚሉት ቃላት ለረጅም ጊዜ ያለ ሐፍረት ሲነገሩ ኖረዋል፤ ዛሬ በጽሑፍ ቋንቋ በእነዚህ ምትክ «የአእምሮ እድገት ውሱንነት ያለበት» ይባላል። ቃሉ መለወጡ መልካም ነው። ነገር ግን የተለወጠ ቃል ብቻውን ለልጁ መምህር አይቀጥርለትም።

እነዚህን እክሎች ከበሽታ የሚለያቸው አንድ ነገር አለ። የወባ ሕመምተኛ መድኃኒት ወስዶ ይድናል፤ ወጪውም በዚያው ያበቃል። የእድገት እክል ግን ከሰውየው ጋር የሚኖር ነው። እርዳታ ያገኘ ልጅ በልቶ መጠጣትን፣ ልብሱን መልበስን፣ በምልክት ወይም በቃል ፍላጎቱን መግለጽን፣ ብዙዎችም ማንበብንና ሙያን ይማራሉ። ይህ ሁሉ የሚመጣው ግን በአንድ ቀን ሳይሆን በየዕለቱ ለዓመታት በሚደረግ ልምምድ ነው። አንድ ሕፃን ማንኪያ ይዞ ወደ አፉ ለማድረስ ወራት ሊፈጅበት ይችላል። የተማረውንም ልምምዱ ሲቋረጥ ሊያጣው ይችላል። በጡንቻ መኮማተር የሚቸገር ልጅ ፊዚዮቴራፒው ለጥቂት ወራት ቢቋረጥበት እግሩ ተመልሶ ይገትራል።

ስለዚህ ለእነዚህ ልጆች የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው የሰው ደመወዝ ነው። ልዩ ሥልጠና ያለው መምህር፣ ረዳት፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የቤት ለቤት ጎብኚ ያስፈልጋሉ። የበጎ አድራጊ ልግስና የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ለጋሽ ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ገዝቶ መስጠት፣ ክፍል አሠርቶ ማስመረቅ፣ በበዓል ቀን በግ ማረድ ይወዳል፤ ወንበሩም ክፍሉም ፎቶግራፍ ይነሣሉ። የመምህሯ የሰባተኛ ዓመት ደመወዝ ግን ፎቶግራፍ አይነሣም። ለጋሹ ሲደክም፣ ሲከስር ወይም ሲሞት፣ የውጭ ድርጅቱም ፊቱን ወደ ሌላ አገር ሲያዞር፣ ክፍሉ ቆሞ መምህሯ ትሄዳለች። ወንበሩም ጎማው ሲያልቅ የሚጠግነው የለም። በየዓመቱ ሳይታጎል የሚከፍል፣ ሰው ቢሞት የማይሞት አንድ ከፋይ ብቻ አለ፤ እርሱም መንግሥት ነው። መንግሥትም የሚከፍለው በበጀት መዝገብ የተጻፈውን ነው።

የኬንያ ታሪክ ይህንኑ በየደረጃው ያሳያል። (በዚህ ምንባብ ስለ ኬንያና ስለ ሌሎች የውጭ አገሮች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አገሪቱ ነጻ በወጣች ማግሥት በ1964 የአካል ጉዳተኞችን እንክብካቤ የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ1968ም መንግሥት በጉዳዩ ላይ የፖሊሲ ሰነድ አወጣ። በ1971 የአእምሮ እድገት ውሱንነት ላለባቸው ሰዎች የሚቆም ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። በ1984 በዴንማርክ መንግሥት እርዳታ ልጆችን የሚመረምሩና ለትምህርት የሚመድቡ ማዕከሎች መከፈት ጀመሩ። በ1986 የልዩ ፍላጎት መምህራንን የሚያሠለጥን የኬንያ የልዩ ትምህርት ተቋም ተቋቋመ። በ2003 የአካል ጉዳተኞች አዋጅ ወጣ፤ አዋጁም ብሔራዊ ምክር ቤትና የልማት ፈንድ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ናይሮቢ ውስጥ ሲቲ በሚባለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የተለየ ክፍል ተከፈተ፤ ለዚህም የወላጆች ጥረት ዋናውን ድርሻ ይዟል። የ2003ቱ አዋጅ በ2025 በሌላ አዲስ አዋጅ ተተክቷል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለክርክር የሚጠቅመው ግን የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 54 የአካል ጉዳተኛ በክብር የመያዝና ትምህርት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እንዲህ ያለ አንቀጽ በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ ይገኛል፤ የተለየ ነገር የለበትም። ዋናው ነገር ያለው በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 5 ውስጥ ነው። መንግሥት ለትምህርት፣ ለጤና ወይም ለማኅበራዊ ዋስትና መብት የሚሆን ገንዘብ የለኝም ባለ ጊዜ፣ ገንዘቡ አለመኖሩን የማስረዳት ኃላፊነት የራሱ የመንግሥት መሆኑን ይኸው ንኡስ አንቀጽ ይናገራል። ገንዘብ ሲደለድልም የተጋላጭ ወገኖችን ሁኔታ ከግምት ማስገባት አለበት ይላል። እስከዚያ ድረስ እናት በሹሙ ፊት ቆማ ገንዘብ መኖሩን እንድታስረዳ ትገደድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማስረዳቱ ሸክም ከእናቲቱ ትከሻ ወደ ሹሙ ጠረጴዛ ተዛውሯል። በሕግ ቋንቋ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

«ገንዘብ የለም» የሚለው መልስ በሀብታም አገርም የተለመደ ነበር። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ሰባት ልጆች በወላጆቻቸውና በጠበቆቻቸው አማካይነት የከተማውን የትምህርት ቦርድ ከሰሱ። ቦርዱ ልጆቹ እክል ስላለባቸው ከትምህርት አግልሏቸው ነበር። በሙግቱም ላይ ለእነርሱ የሚሆን በቂ ገንዘብ እንደሌለው ተናገረ። ዳኛ ጆሴፍ ዋዲ ግን ይህን መከራከሪያ አልተቀበሉትም። ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ፣ ጉድለቱን ሁሉም ልጆች በእኩልነት ይካፈሉት እንጂ እክል ባለበት ልጅ ላይ ብቻ ሊጫን አይገባም የሚል ፍርድ በ1972 ሰጡ። የዚህ ፍርድ ኃይል በቀላልነቱ ላይ ነው። ፍርዱ ድህነትን አይክድም፤ ድህነቱ ለምን በአንዱ ልጅ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ተደረገ ብሎ ይጠይቃል እንጂ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1975 የአሜሪካ ምክር ቤት እክል ላለባቸው ልጆች ሁሉ ትምህርት እንዲሰጥ ሕግ አወጣ። የፌዴራሉ መንግሥትም ከአንድ ተማሪ አማካይ ወጪ እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ገንዘብ ሊሰጥ በሕጉ ተጻፈ። እስከ ዛሬ ድረስ ግን ያ መጠን ሞልቶ አያውቅም። ሕግ መውጣቱና ገንዘብ መመደቡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ወደ ሩንዳና ወደ ጊቶጎሮ እንመለስ። በዚያ የሚኖር አንድ የእድገት እክል ያለበት ልጅ ሰውነቱ አንድ ቢሆንም፣ በመንግሥት መዝገብ ግን በብዙ ቦታ ተከፋፍሎ ይገኛል። የኬንያ ሕገ መንግሥት ሥልጣንን በማዕከላዊው መንግሥትና በ47 ካውንቲዎች መካከል አከፋፍሏል። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ የሚገባበት የቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤትና የሕፃናት መዋያ የናይሮቢ ካውንቲ ሥራ ነው። ፊዚዮቴራፒ የሚሰጠው የአካባቢው የጤና ተቋምም የካውንቲው ነው። አድጎ አንደኛ ደረጃ ሲገባ ግን ትምህርቱ፣ በተለይም ልዩ ትምህርት፣ የማዕከላዊው መንግሥት ሥራ ይሆናል። ለቤተሰቡ የሚሰጠው የገንዘብ ድጎማ ደግሞ ከማዕከላዊው መንግሥት በሌላ ሚኒስቴር በኩል ይመጣል። እንግዲህ የአምስት ዓመት ልጅ እናት አቤት የምትልበት ደጅና የሰባት ዓመት ልጅ እናት አቤት የምትልበት ደጅ አንድ አይደለም። ይህን የማያውቅ ወላጅ ለዓመታት በተሳሳተ ደጅ ሲጠና ይኖራል። ሹሞቹም አንዱ ወደ ሌላው ቢመሩት ውሸት ተናገሩ አይባልም፤ ሁሉም የየራሳቸውን መዝገብ ገልጠው «እኛ ዘንድ የለም» ማለት ይችላሉ።

ከዚህም በላይ በጀት የሚነገርበት ጊዜ አለው። የኬንያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል (ወራቱም ቀኖቹም በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው)። የገንዘብ ሚኒስቴሩ የበጀት ፖሊሲ መግለጫውን እስከ የካቲት 15 ለምክር ቤት ያቀርባል፤ ለየዘርፉ የሚሰጠው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ዝርዝሩ የወጪ ግምት እስከ ሚያዝያ 30 ይቀርባል። ከዚያም የምክር ቤቱ ኮሚቴ የሕዝብን አስተያየት መስማት እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 221 ያዝዛል። ካውንቲዎችም የራሳቸው ተመሳሳይ የጊዜ ሰሌዳ አላቸው። ብዙ ወላጆች ድምፃቸውን የሚያሰሙት በጀቱ በጋዜጣ ሲነበብ፣ ማለትም ሁሉም ነገር ከተቆረጠ በኋላ ነው። በየካቲት የተነገረ አንድ ቃል ግን በሰኔ ከሚነገር መቶ ቃል ይበልጣል።

በተባለው ቀን ለመገኘትም ችግር አለ። የአስተያየት መስጫው ስብሰባ የሚደረገው በሥራ ቀን፣ ከሰፈሩ ርቆ በሚገኝ አዳራሽ ነው እንበል። የጊቶጎሮዋ እናት ልጇን ለማን ትታ ትሂድ? ይዛው ብትሄድስ በጩኸቱና በሕዝቡ ብዛት የሚታወክ ልጅ ይዞ እስከ ተራ ድረስ መቀመጥ እንዴት ይቻላል? የሚጠየቀው አገልግሎት አለመኖሩ ራሱ ጠያቂዋን ከመጠየቂያው ቦታ ያስቀራታል። የሩንዳው አባት መኪናና ሞግዚት ስላለው መገኘት ይችላል፤ ነገር ግን ችግሩን በገንዘቡ የፈታ እየመሰለው ብዙ ጊዜ አይሄድም። ወላጆች ማኅበር ያቋቋሙባቸው ቦታዎች ከዚህ አንጻር ሲታዩ የተሻለ ዕድል አላቸው፤ አንዱ የሌላውን ልጅ ይዞ ይውላል፣ አንዱ ደግሞ ሄዶ ይናገራል።

በሰኔ 2024 የኬንያ ወጣቶች የቀረበውን የታክስ ረቂቅ ሕግ በመቃወም አደባባይ ወጡ። ሕጉን በየቋንቋው እየተረጎሙ ለሕዝብ አስረዱ። የሰው ሕይወትም ጠፍቶበት፣ ረቂቁ በመጨረሻ ተነሣ። ያ ክርክር በጀቱ ገቢ በሚባለው በኩል ያለውን የሚመለከት ነበር። ታክስ የሁሉን ኪስ ስለሚነካ ሁሉም ይጮኻል። የወጪው ክፍል፣ በተለይም ለጥቂቶች የሚወጣው፣ እንዲህ ያለ ጯኺ የለውም። የእድገት እክል ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ስለ ራሳቸው በአደባባይ መናገር ይከብዳቸዋል፤ ምርጫም በብዛታቸው አያሸንፉም።

ብዛታቸውም በትክክል አልተቆጠረም። በ2019 የተካሄደው የኬንያ ሕዝብ ቆጠራ ከአምስት ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች ውስጥ 2.2 በመቶው፣ ማለትም 900,000 የሚያህሉ ሰዎች ልዩ ልዩ የአካል ጉዳት እንዳለባቸው አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ግምት ግን በዓለም ላይ ከሚኖረው ሕዝብ 16 በመቶ የሚሆነው፣ ይኸውም 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ከፍ ያለ የአካል ጉዳት አለበት። የሁለቱ አለካክ የተለያየ ስለሆነ ልዩነቱን ሁሉ የተደበቀ ሰው ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም በጓዳ የተቀመጠ ልጅ ለቆጣሪ አይታይም፤ ወላጅም በሐፍረት ላይናገር ይችላል። በዚህ ላይ ቁጥሩ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት አያካትትም። እርዳታ ከሁሉ ይበልጥ ፍሬ የሚያፈራው ደግሞ አእምሮ በፍጥነት በሚያድግባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። በጀት የሚያዘጋጅ ባለሙያ በሰነዱ ላይ ቁጥር ካላየ ገንዘብ አይመድብም። ገንዘብ ካልተመደበ የምርመራ ማዕከል አይከፈትም። ምርመራ ከሌለም ልጁ አይቆጠርም።

ኬንያ ያደረገችው በጎ ነገርም አለ። ከ2011 ጀምሮ ከባድ የአካል ጉዳት ያለበትና የሌላ ሰው የማያቋርጥ ጥበቃ የሚያስፈልገው ሰው ላለበት ድሃ ቤተሰብ የገንዘብ ድጎማ ይሰጣል። ይህ ገንዘብ ከልግስና የተገኘ ሳይሆን ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚወጣ በመሆኑ ትልቅ እርምጃ ነው። መጠኑ ግን በወር 2,000 ሽልንግ ሲሆን ከ2013 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት ሳይጨምር ቆይቷል። በቀን ሲሰላ 66 ሽልንግ ያህል ነው። በእነዚያ ዓመታት የዱቄትና የትራንስፖርት ዋጋ እየወጣ ሲሄድ ድጎማው ባለበት ቆመ፤ ማንም ሳይቀንሰው ቀነሰ። ደግሞም ገንዘብ ለቤተሰብ መስጠትና አገልግሎት ማቋቋም አንድ አይደሉም። አንዲት እናት 2,000 ሽልንግ በእጇ ይዛ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ብትፈልግ፣ ባለሙያዎቹ በአገሪቱ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ገንዘቡ ቢበቃ እንኳ ሰውየውን አታገኘውም። ባለሙያ የሚገኘው መንግሥት ሲያሠለጥንና በሥራ መደብ ሲቀጥር ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የሩንዳው ሀብታምና የጊቶጎሮዋ ድሃ እንደገና ይገናኛሉ።

የሚቃወሙ ሰዎች የሚሉት አለ። አገሪቱ ዕዳ አለባት፣ ጤነኞቹ ልጆች እንኳ በአንድ ክፍል ተጨናንቀው ይማራሉ፣ ታዲያ ለጥቂቶች ይህን ያህል ማውጣት ለምን ይሉ ይሆናል። ዕዳው እውነት ነው፤ መጨናነቁም እውነት ነው። ነገር ግን ለልጁ የሚወጣው ወጪ በበጀት ባለመጻፉ የቀረ መስሎ መታየቱ ስሕተት ነው። ወጪው እናቲቱ ላይ ነው። ሥራዋን የተወች እናት ያጣችው ደመወዝ፣ ታናሹን ለመጠበቅ ከትምህርት የቀረችው እኅት፣ በጊዜው ባለመታከሙ የባሰው የልጁ እግር፣ እነዚህ ሁሉ ወጪ ናቸው። የሚለየው ነገር ቢኖር ደረሰኝ የሌላቸው መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ጸድቋል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ልብ ሊባል ይገባል። አቅሙ ፈቅዷል ወይስ አልፈቀደም ብሎ የሚያስረዳው ማን እንደሆነ በዚያ አንቀጽ አልተጻፈም፤ ከኬንያው ሕገ መንግሥት ጋር ሲነጻጸር የሚለይበት ይህ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች በኢትዮጵያ የመጀመሪያ የሆነውን ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ወይዘሮ ዘሚ የውበት ሥራ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ባለቤት የነበሩ ሲሆን ወደዚህ ሥራ የገቡት የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስለነበረበትና የሚቀበለው ትምህርት ቤት ስላጡ ነው። ልጆች በአማርኛ ፊደልና ድምፅ መናገርን እንዲለማመዱ የሚረዳ ዘዴም አዘጋጅተዋል። ስለ ኦቲዝም በአደባባይ በመናገራቸው ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከጓዳ አወጡ። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ግን ማዕከሉ ሊቀበል ከሚችለው እጅግ በለጠ። ወይዘሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ማዕከሉ እርሳቸውን ተርፎ ቀጥሏል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም አንዲት እናት በጉልበቷ የከፈተችው ደጅ ምን ያህል ቢሰፋ የአንድን ትልቅ አገር ልጆች ሁሉ ሊያስገባ አይችልም። የወረዳ ትምህርት ቤት መምህር ደመወዝ የሚከፈለው ከወረዳው በጀት ነውና በገጠር ላለው ልጅ ጉዳዩ የሚወሰነው በወረዳው ምክር ቤት አዳራሽ ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር በግንቦትና በሰኔ የሚቀርብ ጥያቄ ዘግይቷል ማለት ነው፤ ዕቅዱ የሚሰናዳው ከዚያ ወራት አስቀድሞ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይመጣል። ወላጆች ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚጽፉት ማመልከቻ ብዙ ጊዜ «ክቡርነትዎ አዝነውልን ለልጆቻችን እርዳታ እንዲደረግልን በትሕትና እንለምናለን» በሚል ቃል ይደመደማል። ጽሑፉ ትሕትና አለው፤ ልብም ይነካል። ነገር ግን የበጀት ባለሙያው ከዚህ ውስጥ ወደ መዝገቡ የሚገለብጠው ነገር አያገኝም። እርዳታው ምን ያህል ነው? ለስንት ልጅ? በየትኛው ትምህርት ቤት? በማን ደመወዝ? ያው ማመልከቻ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍስ፤ «በቀበሌያችን ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሰ 14 የእድገት እክል ያለባቸው ልጆች በቤት ተቀምጠው እንዳሉ ቆጥረናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መሠረት በአቅራቢያችን ባለው ትምህርት ቤት አንድ የልዩ ፍላጎት ክፍል እንዲከፈት፣ ለዚሁም የሁለት መምህራንና የአንድ ረዳት የሥራ መደብ በመጪው ዓመት በጀት እንዲያዝ እንጠይቃለን። መደቡ የማይያዝ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እናመለክታለን።» በመጀመሪያው ጽሑፍ ሹሙ «እንዳዘንኩ ቁጠሩት» ብሎ ሊያሰናብት ይችላል። በሁለተኛው ግን ወይ መደቡን ይይዛል፣ ወይ ያልያዘበትን ምክንያት ፈርሞ ይሰጣል። የተፈረመው ወረቀት በሚቀጥለው ዓመት ለሚደረገው ክርክር መነሻ ይሆናል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በጽሑፍ መልሱ።

1. የሩንዳና የጊቶጎሮ ወላጆች የሚለያዩባቸውንና የሚገናኙባቸውን ነጥቦች ግለጹ።
2. ልግስና ለእነዚህ ልጆች ዘላቂ መፍትሔ የማይሆነው ለምንድን ነው?
3. «ማንም ሳይቀንሰው ቀነሰ» ሲል ምንባቡ ምን ማለቱ ነው? በራሳችሁ ቋንቋ አስረዱ።
4. የዳኛ ጆሴፍ ዋዲ ፍርድ ስለ ገንዘብ እጥረት የሚለው ምንድን ነው? በዚህ ፍርድ ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን ስጡ።

ለ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ትርጉም ከተረዳችሁ በኋላ ለየአንዳንዳቸው አረፍተ ነገር ሥሩ።

ደጅ መጥናት፣ ድጎማ፣ የሥራ መደብ፣ ረቂቅ፣ አቅም በፈቀደ መጠን፣ አደራ

ሐ. በአካባቢያችሁ የጎደለ አንድ የሕዝብ አገልግሎት ምረጡ። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሁለት ማመልከቻ ጻፉ፤ አንደኛው በልመና ቃል፣ ሁለተኛው በመብትና በቁጥር የተደገፈ ይሁን። ሁለቱንም በክፍል ውስጥ አንብቡና የትኛው ለምን መልስ ሊያገኝ እንደሚችል ተከራከሩ።